ሦስት ክላሰር ተሸክሜ ገባሁ

ፖርትፎሊዮዬን ያስገባሁ ቀን ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ነው የሄድኩት። ሦስት ወፋፍራም ክላሰር ወንበሩ ላይ ደርድሬ፣ እንዳይንሸራተቱ በክንዴ ደግፌ። ሁሉም ሲደመር 412 ገጽ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና "የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው እንዴ?" አለኝ። ሳቅኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥያቄው ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄ አልመጣም።

ይህን የምጽፈው በትምህርት አመራር ዶክትሬት ለጀመራችሁ ወይም ለመጀመር ላሰባችሁ ነው። በተለይ እንደ እኔ ከርዕሰ መምህርነትና ከሱፐርቫይዘርነት ተነስታችሁ ለምትገቡ። የተማርኩበትን ቦታ በስም አልጠራም። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የማወራው ጥፋት ደግሞ በአብዛኛው የራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርሶቹ ካለቁ በኋላ፣ ወደ መመረቂያ ጥናቱ ከመገባቱ በፊት አንድ ትልቅ ምዘና አለ። ብዙ ቦታ ይህ ኮምፕሬሄንሲቭ የሚባለው ፈተና ነው። ተማሪው ተቀምጦ ያነበበውን ሁሉ ይጽፋል። እኛ ግን በፈተናው ፋንታ ፖርትፎሊዮ ታቀርባላችሁ ተባልን። በኮርሶቹ ከሠራነውና በሥራ ቦታችን ከፈጸምነው መርጠን፣ እንደ መሪ እንዴት እንዳደግን በማስረጃ እናሳያለን። ከዚያ ሦስት መምህራን ፊት ቀርበን እንጠየቃለን።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፈተና የለም! ለባለቤቴ ወዲያው ደወልኩለትና "ያው ወረቀት መሰብሰብ ነው" አልኩት። ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሴሚስተር በላችብኝ።

ለምን እንዲያ እንዳሰብኩ መምህር የሆነ ሁሉ ይገባዋል። እኛ አገር ፖርትፎሊዮ የሚለውን ቃል የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለኝም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ተሙማ የምንለው፣ መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽልና ሂደቱን በፖርትፎሊዮ እንዲይዝ ይጠይቃል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን ሱፐርቫይዘር ይመጣል ሲባል ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። የጓደኛ ዕቅድ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ይገባል። ቀኑ ወደ ኋላ ተጽፎ ይፈረማል። ሽፋኑ ላይ አበባ ይሳላል፣ አቅም ያለው ላሚኔት ያስደርገዋል።

እኔ ደግሞ ያንን ክላሰር የማገላብጠው ሰው ነበርኩ። መጀመሪያ ጣና ዳር ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበርኩ፤ ከዚያ እዚያው አካባቢ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶችን የምከታተል፣ ሆንኩ። በአንድ ቀን ሃያ፣ ሠላሳ ክላሰር አያለሁ። ወፍራም ከሆነ "ጎበዝ!"። ቀጭን ከሆነ "ምነው? ምን ስትሠሪ ከረምሽ?"። እፈርማለሁ፣ ወደሚቀጥለው።

እንግዲህ ይህንኑ ዓይን ይዤ ነው ዶክትሬት የገባሁት።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አንድ ገጽ ተኩል የመመዘኛ መስፈርት ታደለን። ሩብሪክ ነው አሉን። አጣጥፌ ቦርሳዬ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እዚያው ከረመ። ካርታ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መንገድ እንደ መጥፋት ነው። በኋላ ስዘረጋው አራት ረድፍ ነበረው፦ የማስረጃ ምርጫ፣ ንድፈ ሐሳብን ከሥራ ጋር ማገናኘት፣ ራስን መመርመር፣ የሥነ ምግባር ጥንቃቄ። ብዛት የሚል ረድፍ የለም። ውበት የሚልም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ መስፈርቱን በተሰጣችሁ ዕለት አንብቡት። አንብባችሁም ካልገባችሁ መምህሩን ጠይቁ። "ራስን መመርመር ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ናሙና አለ?" ማለት ነውር አይደለም። እኔ ሱፐርቫይዘር የነበርኩ ሰው ይህን እንዴት እጠይቃለሁ ብዬ ተኮፈስኩ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ፍላሼ ተበላሸ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቼው ቫይረስ ገባበትና የአንድ ዓመት ፋይል ወደማይከፈት ምልክት ተቀየረ። ከተማው ላይ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለነበር ኢሜይሌ ላይ ያስቀመጥኩትም አልነበረም። መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ግማሹን ከወረቀት ላይ እንደገና ጻፍኩት፣ ግማሹ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቦታ ማስቀመጥ ጀመርኩ፦ አንዱ ላፕቶፔ ላይ፣ አንዱ ከቤት የማይወጣ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ታትሞ እህቴ ቤት። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው ፍላሽ ሌላ ነው። የዕለቱን ወረቀት ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቢታመምም ብቻውን ይታመማል።

ስለ ቀን አጻጻፍም ልንገራችሁ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቃለ ጉባኤዎቼ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቀን ግን የፈረንጅ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲደረደሩ እኔ ከሥልጠናው በፊት ሪፖርቱን የጻፍኩ መሰለ። አንዱ ገምጋሚ ግራ ተጋብቶ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አስቀምጦበታል። እድገታችሁን በጊዜ ቅደም ተከተል የምታሳዩበት ሥራ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ፤ ሌላውን ከሥሩ በትንሹ ጻፉት።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሦስቱን ክላሰር አስገብቼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እውነቱን ለመናገር ሲታዩ ያምሩ ነበር። ውይይቱ በእንግሊዝኛ ተጀመረ። እኔም ያጠናሁትን በእንግሊዝኛ ወረድኩት። ከመካከላቸው ጸጉራቸው የሸበተው ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አወለቁና "እስቲ በአማርኛ ንገሪኝ፤ ይህ ሁሉ ወረቀት ተሰብስቦ ምን ይላል?" አሉኝ።

ዝም አልኩ።

"ብዙ ሥራ እንደሠራሁ" አልኩ በመጨረሻ።

"እሱንማ አየን። ከአምስት ዓመት በፊት የነበረችው ርዕሰ መምህርትና ዛሬ እዚህ የተቀመጠችው ሴት በምን ይለያያሉ?"

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ አንዱን ክላሰር ከፈቱና ከሪፖርቴ ላይ ያነቡ ጀመር። "ሥልጠና ተሰጥቷል። ግንዛቤ ተፈጥሯል። ውይይት ተካሂዷል። አቅጣጫ ተቀምጧል።" ቀና ብለው አዩኝ። "ማነው የሰጠው? ማነው ያስቀመጠው? አንቺ የት ነሽ?"

የምጽፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በውስጡ ያለው የእኛው የቢሮ አማርኛ ነበር። ባለቤት የሌለው ግሥ። ሃያ ዓመት ስጽፈው የኖርኩት ቋንቋ ነው። ጥሩም ሲሆን "ተከናውኗል" ነው፣ ሳይሆንም ሲቀር "አልተቻለም" ነው። ማን እንዳልቻለ አይጻፍም። አንዳንዴ ለትሕትና ብለን ነው፣ "እኔ" ማለት ያሳፍረናል። ብዙ ጊዜ ግን ለመደበቅ ይመቻል።

ሌላዋ ገምጋሚ ሴት ነበሩ፣ ረጋ ያሉ። አንዲት ወረቀት አውጥተው በጣታቸው ገፋ አደረጓት። አንድ መምህር ላይ የጻፍኩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ቆራጥ አመራሬን ያሳያል ብዬ ነው ያስገባሁት፤ ስሙም ጥፋቱም ሙሉ ለሙሉ ይነበባል። "ይህ ሰውዬ ደብዳቤው እዚህ እንዳለ ያውቃል?" አሉኝ። ፊቴ ጋለ። ከሥሩ ደግሞ የሰባት ክፍል ተማሪዎች ስም ዝርዝር ከነውጤታቸው ነበር።

ውጤቱ "እንደገና ተሠርቶ ይቅረብ" ሆነ። አልወደቅሽም አሉኝ። እኔ ግን መውደቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ያን ቀን ሐይቁ ዳር ሄጄ አሳ ጥብስ አዝዤ ሳልበላው ቀዘቀዘ። ለማንም አልነገርኩም። ሳምንቱን ሙሉ በገምጋሚዎቹ ተናድጄ ከረምኩ። አሜሪካኖች ያመጡት ፋሽን ነው እያልኩ። እርግጥ ለትምህርት መሪዎች የሚሰጠውን ዶክትሬት ከሥራው ጋር ለማያያዝ እዚያ ብዙ ተለፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የካርኔጊ የትምህርት ዶክትሬት ፕሮጀክት የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ጥያቄያቸውም ቀላል ነው፦ ተመርቆ ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ የሚመራን ሰው ስለ አመራር ምን አነበብክ ብሎ መፈተን ይበቃል ወይ? ሲመራ ምን እንደሚያስብ በምን ይታያል? ጥያቄው የእኛም ነው፤ ሱፐርቫይዘር ሆኜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በወቅቱ ግን ንዴቴ አላሳየኝም።

ዓይኔን የገለጡልኝ አንዲት አሮጊት መምህርት ናቸው። እኔ ሱፐርቫይዝ ከማደርጋቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሽምብጥ ሰፈር ነው ቤታቸው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ካልገባሽ ብለው ቡና አፈሉልኝ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ሆዴ አልችል አለና ነገርኳቸው። ክላሰሩን፣ ፕሮፌሰሩን፣ ሁሉን።

ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። "አይ ልጄ! የኔንስ ክላሰር ስታዪ እንዲህ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ምን ብዬ እማማ?"

"ምን ይላል ብለሽ ነዋ። ገጽ ቆጠርሽ፣ ፈረምሽ፣ ሄድሽ።"

ቡናውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት፤ ስኳሩን እያቀበሉኝ።

በማግስቱ ሦስቱንም ክላሰር ሳሎን ወለል ላይ ገለበጥኳቸው። ልጄ ወረቀቱ ላይ እየተራመደ፣ እኔ ተንበርክኬ። አንድ ደንብ አወጣሁ፦ በእጄ ይዤው "ይህ ባይኖር ስለ እኔ ምን ይጎድላል?" ብዬ ካልመለስኩ ይወጣል። የምስክር ወረቀቶቹ በሙሉ ወጡ። የሥልጠና ተሳትፎ፣ ምስጋና፣ ከእንግዳ ጋር የተነሳሁት ፎቶ፣ ወጡ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የቀረው አንድ ስስ ክምር ነው።

እዚያ ክምር ውስጥ ነው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያየኋቸው።

አንደኛው ርዕሰ መምህርት በነበርኩ ጊዜ ለወረዳ የላክሁት ሪፖርት ነው። በዚያ ዓመት የማርፈድ ችግር ስለበዛብን በሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ይዘጋ ብዬ ወስኜ ነበር። በሁለተኛው ወር "የተማሪዎች ሰዓት አክባሪነት በከፍተኛ ደረጃ ተሻሽሏል" ብዬ ጽፌያለሁ። እውነት ነው። አርፋጅ የለም። በዚህ ተመስግኜበታለሁ።

ሁለተኛው የእነዚያው ሁለት ወራት የአንድ ክፍል ስም መጥሪያ ነው። በቀይ የተሰመረ የቀሪ ምልክት ወደ ቀኝ እየሄደ ይበዛል። መጀመሪያ ሐሙስ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን። ከዚያ በተከታታይ። ስሞቹን ሳያቸው ልጆቹ መጡብኝ። ከብት አሰማርተው የሚመጡ፣ ውኃ ቀድተው የሚመጡ፣ ከማዶ በጀልባ የሚሻገሩና ነፋስ ካለ የሚዘገዩ። እነዚያ ልጆች ሰዓት ማክበር አልጀመሩም። መምጣት ነው ያቆሙት። በሩ ላይ ደርሰው ሲመለሱ እንደ አርፋጅም አይቆጠሩም። ቁጥሬ ያማረው ለዚህ ነው።

የሚያስደነግጠው ሁለቱም ወረቀቶች መጀመሪያ ያስገባሁት ፖርትፎሊዮ ውስጥ መኖራቸው ነው። ሪፖርቱ ክላሰር አንድ ውስጥ፣ "ውጤታማ አመራር" በሚል ርዕስ ሥር። ስም መጥሪያው ክላሰር ሦስት ውስጥ፣ "የመረጃ አያያዝ" ሥር። በእጄ በስቼ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። አልተገናኙም፤ ምክንያቱም እየሰበሰብኩ እንጂ እያነበብኩ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ድርጅት እንዴት እንደሚማር ስላጠኑት ስለ ክሪስ አርጊሪስና ዶናልድ ሾን ኮርስ ላይ የተማርነው ነገር ነፍስ ዘራ። ድርጅት ስህተት ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ የሚያርመው ድርጊቱን ብቻ ነው፤ ደንቡ ራሱ ትክክል ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም ይላሉ። ይህን ስለ ደንቡ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ባለ ሁለት ዙር መማር ነው። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ከሩብሪኩ ሁለተኛ ረድፍ ጋር የተገናኘሁት ግን ያን ቀን፣ ሳሎን ወለል ላይ ነው። እኔ በሩን ዘጋሁ፤ ልጆቹ ለምን ያረፍዳሉ ብዬ አልጠየቅኩም። ይኸው ነው ንድፈ ሐሳቡ።

እንዴት እንደገና እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ዘጠኝ ማስረጃ ብቻ ያዝኩ። ለእያንዳንዱ ከፊቱ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ወረቀቱ ምንድን ነው፣ የእኔ እጅ የቱ ላይ ነው፣ ለምን መረጥኩት፣ ምን አስተማረኝ፣ ዛሬ ቢሆን ምን አደርጋለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አትቸኩሉ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅድ የኮሚቴ ሥራ ነው፤ ሙሉውን የእኔ ነው ማለት ውሸት ነው፣ የኛ ነው ብሎ መሸሽም ሌላ ውሸት ነው። እኔ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚያወራውን ክፍል እንደጻፍኩና የበጀቱን ክፍል ምክትሌ እንደሠራው በግልጽ ለየሁ። ማንም ገምጋሚ በዚህ አልቀነሰብኝም።

ገጾቹን መጀመሪያ በአማርኛ፣ በእጄ ነው የጻፍኳቸው። ለዛውም ለእህቴ ደብዳቤ እንደምጽፍ። "ተወስኗል" የሚል ቃል ሲመጣ ሰርዤ "ወሰንኩ" እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ነው። ሐሳቡ ሳይጠራ በሰው ቋንቋ ከጀመራችሁ የምትጽፉት የሰውን ሐሳብ ይሆናል።

አጥንቱን ለማቆም የተጠቀምኩት የእኛኑ የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር አራት ዐበይት ርዕሶች ነው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ ሁኔታ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። አንድ ጓደኛዬ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ለትምህርት መሪዎች የወጡትን አሥር የሙያ ደረጃዎች ይዞ ሠራ፤ እሱም ይሆናል። አደጋው ደረጃዎቹ መሳቢያ ሲሆኑ ነው። "ስድስተኛው ባዶ ነው፣ ምን ልክተትበት?" ማለት ከጀመራችሁ ወደ ክላሰር ተመልሳችኋል።

ስም መደበቅን በተመለከተ፣ በጥቁር ማርከር መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ይነበባል። ሰርዛችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጉትና ኮፒውን አስገቡ። መምህራኑን ሀ፣ ለ፣ ሐ አልኳቸው። ግን ትንሽ ትምህርት ቤት ከሆነ "የሂሳብ መምህሩ" ማለት ስሙን መጥራት ነው፤ አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ነው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ጨርሶ ያወጣሁት። ሌሎቹን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ አሳይቼ ፈቃድ ጠየቅኩ። አንዷ መምህርት እምቢ አለችኝ። መብቷ ነው፣ የሷንም አወጣሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ራስን መመርመር ንስሐ አይደለም። የሚገመገመው ጥፋትን ማመን መሆኑ ሲወራ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ያልሠሩትን ጥፋት ሁሉ መናዘዝ ጀመሩ። "ያኔ አምባገነን ነበርኩ፣ ዛሬ አሳታፊ ሆኛለሁ።" እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ይሸታል። ጥሩ የጻፈ ሰው በዚህ ሊያመልጥ እንደሚችል ግን አልክድም፤ ፖርትፎሊዮ ፈተናን ሙሉ በሙሉ ይተካ የሚሉትን እስከ መጨረሻው የማልከተላቸው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ማስረጃው ነው። ተለወጥኩ ካላችሁ ከለውጡ በፊት የጻፋችሁት አንድ ወረቀት፣ በኋላ የጻፋችሁት አንድ ወረቀት ይቀመጥ። አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ከአሁን ጀምሮ የምትጀምሩ ከሆነ አንድ ደብተር ያዙ። እኔ ዘግይቼ፣ ከወደቅኩ በኋላ ነው የጀመርኩት። ዓርብ ማታ ልጄ ሲተኛ ግማሽ ሰዓት። በሳምንቱ የወሰንኩት አንድ ነገር፣ ለምን እንደወሰንኩ፣ ምን እንደፈራሁ። ቁም ነገሩ ውጤቱ ሳይታወቅ መጻፉ ላይ ነው። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ሁላችንም ቀድመን ያወቅን ይመስለናል።

ይህን የሚያነብ አስተማሪ ካለ ለእሱም አንድ ቃል። የመጀመሪያውን ሥራዬን ከሦስቱ ገምጋሚዎች ሁለቱ በጣም የተራራቀ ነጥብ ነበር የሰጡት። የፖርትፎሊዮ ትልቁ ድካሙ ይሄ ነው፤ አንባቢ ሲቀየር ውጤት ይቀየራል። ገምጋሚዎች ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሁለት የቆየ ናሙና ለየብቻ አርመው ቢነጋገሩ ብዙ ይቀራረባሉ። ጊዜም ይበላል፤ አራት መቶ ገጽ ማን ያነባል? የገጽ ጣሪያ አስቀምጡ። ለእናንተም ለተማሪውም ምሕረት ነው። ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ አትጠብቁን። በየሴሚስተሩ አንድ ማስረጃ አምጡ ብትሉን ኖሮ እኔ ሦስት ክላሰር ባልተሸከምኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስቀርብ በአንድ ክላሰር፣ 74 ገጽ ይዤ ነው። በእግሬ ነው የሄድኩት። ፕሮፌሰሩ የበሩን ታሪክ ደጋግመው እንዳነበቡት ያስታውቃል፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ሞልተውታል። "ዛሬ ብትመለሺ በሩን ክፍት ትተዪዋለሽ?" አሉኝ።

አዎ ማለት ይቀል ነበር። "አላውቅም" አልኩ። "መጀመሪያ አንድ ሳምንት በሩ ላይ ቆሜ ያረፈደውን ልጅ ሁሉ ከየት መጣህ ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ነው የምወስነው።" አንገታቸውን ነቀነቁና ገጹን ገለጡ። ሃያ ደቂቃ የተባለው አንድ ሰዓት ሆነ፤ በመጠነኛ እርማት አለፍኩ።

ለእማማ ልነግራቸው ሽምብጥ ሄድኩ፤ ስኳርና ቡና ይዤ። እልል አሉ። ያ ክላሰራቸው እስካሁን ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ምን ያደርግልሻል?" እያሉ ከአልጋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ አወጡ። ቀጭን ነው። ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት።

አራተኛው ገጽ ላይ በእጃቸው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ስድስት ልጆች ፊደል ለይተው ያነባሉ፣ ሲገጣጠም ግን አይሆንላቸውም። ሦስት መንገድ ሞከርኩ። ምን ላድርግ?" ከሥሩ የሱፐርቫይዘር አስተያየት የሚል ቦታ አለ። የእኔ ጽሑፍ ነው። ቀኑም ፊርማውም አለ።

"ጥሩ ነው፣ በርቺ" ይላል።